ሦስት የማይባልበት ፎቶ ቤት

ውድ ጋሼ፣

ባለፈው ወር አንድ እሑድ በስልክ ያሰማሁዎት ድምፅ የካሜራዎ አልነበረም። የስቴፕለር ነበር።

ይኸው ተናገርኩት። አሁን ቁጭ ይበሉና መነጽርዎን ያድርጉ። ልጅዎም ውሃ ታምጣልዎ፤ ምክንያቱም የሚቀጥለው ከዚህ የባሰ ነው። ካሜራዎን ቀይሬዋለሁ። ከቀየርኩት አምስት ወር አልፎታል። በእነዚህ አምስት ወራት እሑድ በመጣ ቁጥር «እስቲ አሰሚኝ» ሲሉኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ አሮጌውን ከመደርደሪያ እያወረድኩ፣ ስልኩን እያስጠጋሁ ቀጭ ሳደርግልዎ ቆይቻለሁ። እርስዎም እንደ ሐኪም አዳምጠው «ትንሽ ደረቅ ብሏል፤ አቧራ ነው፤ በብሩሽ ጥረጊው» ይሉኛል። እኔም «እሺ ጋሼ» እላለሁ።

የዚያን እሑድ ግን የአሮጌው ባትሪ ሞቶ አልሠራ አለኝ። እርስዎ ከስልኩ ወዲያ ማዶ ትንፋሽዎን ውጠው ይጠብቃሉ። እኔ ካሜራውን እደበድባለሁ። ይሄኔ እናቴ ከጠረጴዛው ላይ ስቴፕለሩን አንስታ ስልኩ አጠገብ አንዴ ቀጭ አደረገችው። ያሉትን ያስታውሳሉ? «እሰይ! አገግሟል! እንደ ድሮው ሆኗል!» ነበር ያሉት። እናቴ ሳቋን ለማፈን የሹራቧን እጅጌ ነከሰች። እኔም ስልኩን እስክዘጋ ድረስ ሆዴን ይዤ ነበር። ከዘጋሁት በኋላ ግን አለቀስኩ፤ በእርስዎ ጆሮ መቀለድ እኔ የማደርገው ነገር አልነበረም።

ለምን ዛሬ ትነግሪኛለሽ ይሉኝ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር። ነገር ግን ባለፈው ሐሙስ በነርሶች ኮሌጅ ደረጃ ላይ አንድ ነገር ሆነ፤ ደስታው ብቻዬን የምችለው አልሆነም። ደስታውን ለመንገር ደግሞ ውሸቱን ማውጣት ግድ ነው። ስለዚህ ይቆጡኝ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብበው ይቆጡኝ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ? የዚህ ነገር ሥሩ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው። ጉርድ ፎቶ ልነሳ መጥቼ ሥራ ይዤ የቀረሁ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያ ካሜራ የተገዛውም በዚያው ወር ነው፤ እኔና እሱ አብረን ነው ሥራ የጀመርነው። ገና በሁለተኛው ቀን እንዲህ አሉኝ፦ «ይኼ ካሜራ ጥሩ ነው፣ ግን ቀርፋፋ ነው። ስትጫኚው ሌንሱ ወዲያ ወዲህ ብሎ ነው የሚያነሳው። ስለዚህ ሰውየው ሦስትን ሲጠብቅ አንቺ ሁለት ላይ ተጫኚ። ሦስቱን እሱ ይልልሻል።»

እውነትም «አንድ፣ ሁለት» ብለን ስንጫን፣ ሦስት መባል ባለበት ቦታ ላይ ራሱ ቀጭ ይል ነበር። ሰዉም ቀጭ ሲል ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ይተነፍሳል። ከእርስዎ ጋር ስምንት ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ ብቻዬን አራት ዓመት ስሠራ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ አንድም ቀን ሦስት ብዬ አላውቅም። እርስዎም ብለው አያውቁም።

ጉልበትዎ ደረጃ አልወጣ ብሎ ልጅዎ ወደ እሷ ከተማ ስትወስድዎ፣ ካሜራውን በሁለት እጅዎ አንስተው በሁለት እጄ ላይ አኖሩልኝ። «መሣሪያ የሚቀያይር ሰው እጁን አያምንም» አሉኝ። «ይኼን ጠብቂው።» ጠበቅኩት ጋሼ። የኋላው ስክሪን ግማሹ ሲጠቁር በቀረው ግማሽ አየሁ። የባትሪው ክዳን ሲሰበር በፕላስተር አሰርኩት። ሌንሱ ደመና በሆነ ቀን ፊት ጠፍቶት ዚዝ፣ ዚዝ እያለ ሲፈልግ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ መነጽሩን የሚፈልግ ሽማግሌ እንደሚጠበቅ በትዕግሥት ጠበቅኩት። ሽማግሌ ስል እርስዎን ማለቴ አይደለም።

አምና የኮሌጁ ምርቃት ቀን ደመና ነበር። ደረጃውን ያውቁታል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ተመራቂ ሲያስቆሙበት የኖሩት ነው። መቶ ሰባ ስድስት ሰው በስድስት ረድፍ አስቆምኩ። አንድ፣ ሁለት አልኩና ተጫንኩ። ሌንሱ ፈለገ፣ ፈለገ፣ አላገኘም። እንደገና አንድ፣ ሁለት። አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ! ከላይኛው ረድፍ አንዱ «ኧረ እህት፣ ጡረታ ልንወጣ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀጭ አለ፤ ከዚያም ሜሞሪውን አላውቀውም ብሎ ቀጥ። መምህራኑ ተነሱ፣ ረድፉ ፈረሰ፣ ዝናብ ጀመረ። በእጄ የቀረው አንድ ፎቶ ነው፤ በዚያ ፎቶ ላይ ዘጠኝ ሰው ዓይኑን ጨፍኗል። ዓይን ከሌላ ፎቶ እንዳልዋስላቸው ሌላ ፎቶ የለም።

ያን እሑድ «የኮሌጁ እንዴት ነበር?» ብለውኝ «ጥሩ ነበር» አልኩዎት። ከስቴፕለሩ በፊት የዋሸሁት ይህን ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ አባት ፎቶ ቤቱ መጡ። አናጺ ናቸው፤ ጆሯቸው ላይ እርሳስ ሰክተዋል። ያንን ፎቶ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው ነበር። ፈቱትና በወፍራም ጣታቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ልጅ አሳዩኝ። «ልጄ ናት» አሉ። «አራት ዓመት ሌሊቱን ሳትተኛ ነው የተማረችው። አንቺ ደግሞ በምርቃቷ ቀን አስተኝተሽ አነሳሻት።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ፎቶውን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ «እኔ ቤት አይሰቀልም» ብለው ወጡ። የኮሌጁ ዲን ደግሞ በማግስቱ ቢሮዋ ጠርታኝ፣ ቁጭ በይ እንኳ ሳትለኝ ተናገረች። «ፎቶ ቤቱ ሃያ አምስት ዓመት ስላገለገለን በሚቀጥለው ዓመትም እጠራሻለሁ» አለችኝ። «ግን ሌላ ሰውም እጠራለሁ። የተሻለው ከዚያ በኋላ የኮሌጁ ፎቶ አንሺ ይሆናል።» ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ሰው ሁሉ ካሜራውን ኪሱ ውስጥ ይዞ በሚዞርበት ዘመን ፎቶ ቤታችንን ያቆሙት ጉርድ ፎቶና ኮሌጁ ናቸው። ጉርድ ፎቶ ብቻውን በር አያስከፍትም። ኮሌጁ ከሄደ ቁልፉን ለቤቱ ባለቤት መልሼ የሰው ተቀጣሪ መሆኔ ነው።

እንግዲህ ለዚህ ነው፣ ገንዘቡን ለወራት አጠራቅሜ የቀየርኩት። ሱቁ ስገባ እንደ ሌባ ግራና ቀኝ አይቻለሁ፤ እርስዎ በዚያ ከተማ ሆነው የሚያዩኝ መስሎኝ ነበር። ነጋዴው አዲሱን አምጥቶ መብራቱን አጠፋና በጨለማ ውስጥ የቁም ሳጥኑን ጥግ አነሳልኝ። የሸረሪቱ ድር ሳይቀር ታየ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው ያስጨነቀኝ።

«የት ነው ቀጭ የሚለው?» አልኩት።

«አይልም። ከፈለጉ ጨርሶ ዝም እንዲል ማድረግ ይቻላል።»

«ታዲያ ማንሳቱን በምን አውቃለሁ?»

ሰውየው ትንሽ አየኝና «እህቴ፣ ፎቶውን ሲያዩት» አለኝ።

ፍጥነቱን ቢያዩ ጋሼ! ገና ጣቴ ሲነካው አንስቷል። ሌንሱ ፊት አይጠፋውም፤ እንዲያውም ዓይን ፈልጎ ይይዛል፣ ሰውየው ቢንቀሳቀስ ዓይኑን ተከትሎ ይሄዳል። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ወደ ቤት ስሄድ በመንገድ ላይ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። ወዲያው ደግሞ «መሣሪያ የሚቀያይር» ያሉት ትዝ ይለኝና ፈገግታዬን እሰበስባለሁ። ሰው ያየኝ እንደሆነ ያበድኩ ነው የሚመስለው።

የመጀመሪያው ሥራ የፊት ለፊቱ ዳቦ ጋጋሪ ቤተሰብ ነበር። አባቱ ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸው አሥራ ሁለት ሆነው መጡ። አሰለፍኳቸው። አንድ፣ ሁለት፤ ጣቴ ተጫነ። ደጋግሜ እንዲያ አደረግኩ፣ ደስ ብሎኝ ሸኘኋቸው። ማታ ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍተው በቁሜ ሞትኩ። ካሜራው ሁለት ላይ ስጫነው ሁለት ላይ ነዋ ያነሳው! ሦስትን የሚልልኝ የለም። ሽማግሌው ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን በምላሳቸው እያስተካከሉ ነው። ምራታቸው የልጇን ኮሌታ ትጎትታለች። ዳቦ ጋጋሪው ወደ ወንድሙ ዞሮ «ሆድህን ሳብ» ሲል አፉ ተከፍቶ ቀርቷል። አሥራ ሁለቱም ሊዘጋጁ እያሉ ነው የተነሱት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ፤ እኔ አፍስሼ የምለቅመውም አጣሁ።

ዳቦ ጋጋሪው ፎቶውን አገላብጦ አየው። «ይኼ እኮ ሳንነሳ የተነሳነው ነው» አለኝ። መልሼ በነፃ እንደማነሳቸው ነገርኩት። እሱ ግን ደግ ሰው ስለሆነ ሊያጽናናኝ ፈለገ መሰለኝ፣ «ለነገሩ እናንተ ቤት ሦስት እንደማይባል ከተማው ሁሉ ያውቃል» ብሎ ሳቀ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ለካ ሲቀለድብን ኖሯል ጋሼ! የሠፈሩ ልጆች የፎቶ ቤት ጨዋታ ሲጫወቱ አንዱ «አንድ፣ ሁለት» ይላል፣ ሌሎቹ በአንድ ላይ «ቀጭ!» ይላሉ። አንድ ሰው የጀመረውን ሳይጨርስ ሲቀር «እንደ ፎቶ ቤቱ ሁለት ላይ ቀረ» ይባላል። እዚህ ከተማ ውስጥ ይህን የማናውቀው እኔና እርስዎ ብቻ ነበርን።

ከዚያ በኋላ ሦስት ለማለት መለማመድ ጀመርኩ። ቀላል ይመስላል አይደል? እናቴን ሹራቧን ከነመርፌው አስይዤ መጋረጃው ፊት አስቀምጣታለሁ። አንድ፣ ሁለት ስል ጣቴ ቀድሞኝ ይጫናል። አሥራ ሁለት ዓመት ያስለመዱትን ጣት በአንድ ሳምንት አስረሱት ማለት አይቻልም። እናቴ ስታስነጥስ፣ እናቴ ክር ስትስብ፣ እናቴ ስትቆጣኝ ያነሳሁት ከሦስት መቶ በላይ ፎቶ አለኝ። «የማይረባ ካሜራ ነው፣ ይቸኩላል» ስላት «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» አለችኝ። «ካሜራው ምን በወጣው? ሦስት በይ እንጂ!»

«እላለሁ እኮ፣ ጣቴ አልጠብቅ አለኝ።»

መርፌዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እስቲ ንገሪኝ፣ ሦስት ልትዪ ስትዪ ምን ይሰማሻል?»

«ጋሼን የካድኩ ይመስለኛል» አልኳት።

እናቴን ያውቋታል፤ ሲያለቅሱባት አትወድም። «ስሚ» አለችኝ። «ሰውየው ሁለት ላይ ተጫኚ ያሉሽ ሰው ዓይኑን ከፍቶ እንዲነሳ ነው። ሁለትን እንድትሳለሚ አይደለም። ተነሺ አሁን፣ አንድ በይ።» ያን ዕለት ከሃያ አራት ጊዜ አምስቱን ሦስት ላይ ተጫንኩ። አምስቱም ላይ እናቴ በጣም ቆንጆ ናት። በምርቃቱ ዋዜማ ግን ከአሥሩ አራቱን እንደገና ሁለት ላይ ስቻለሁ። ሐሙስ ጠዋት ከቤት ስወጣ በሩ ላይ ያዘችኝና የቀኝ አመልካች ጣቴን በፕላስተር ጠቀለለችው። «ሲጎረብጥሽ ታስታውሻለሽ» አለች።

ሐሙስ ደመና ነበር። ሆን ብሎ ይመስል አምና የነበረው ደመና እንዳለ መጥቷል። በደረጃው ላይ ከነመምህራኑ መቶ ሰማንያ አራት ሰው። የተጠራው ሌላ ፎቶ አንሺ ድሮን ይዞ መጥቷል፤ ተመራቂዎቹ ወዲያው ባለድሮኑ አሉት። እጣ ወጣና እሱ ቀደመ። ያ ነገር እንደ ንብ እየጮኸ ከራሳቸው በላይ ወጣ፣ ሁሉም አንጋጠው እጃቸውን አወዛወዙ። እውነት ልናገር፣ ፎቶው ጥሩ ነበር። ዲኗ በስልኩ ላይ አይታው በመስማማት ራሷን ነቀነቀች።

ተራዬ ሲደርስ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ገና ካሜራውን ሳነሳ ከፊተኛው ረድፍ አንዷ «እህቴ፣ ጣትሽን ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «ምንም አልሆንኩም» ስል «ይታይላት!» አለ ሌላው። «አብጧል ወይ? ያቃጥልሻል?» መቶ ስድሳ ነርስ ፊት ታሽጎ በመጣ ጣት መቆም ምን እንደሚመስል ልነግርዎ አልችልም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው ቦርሳውን ከፍቶ ፋሻ መፈለግ ጀምሮ ነበር። ዲኗ አንዴ ዞር ብላ ስታያቸው ጸጥ አሉ።

«ዓይን ወደ እኔ» አልኩ። «አንድ።»

ካሜራው ዓይኖቹን ያዘ። «ሁለት።»

ጣቴ ወረደ፤ ፕላስተሩ ጎረበጠኝ፤ ያዝኩት። ጋሼ፣ ያቺን ቅጽበት ረጅም ዘመን ኖርኩባት። ሁለት ካልኩ በኋላ ያለውን ሰው አይቼው አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ሌንሱ ሲፈልግ እኔ ሌንሱን ነበርና የማዳምጠው። አሁን አየኋቸው። መሳቅ የፈለገው ከንፈሩን ሲነክስ፣ አጭሯ ተረከዟን ስታነሳ፣ መቶ ሰማንያ አራቱም ቀጭ እስኪል ሲጠብቁ አየሁ። ቀጭ ግን የለም።

«ሦስት!» አልኩ። ጮክ ብዬ፣ ደረጃው እስኪያስተጋባ። ጣቴም ከቃሌ ጋር እኩል ተጫነ።

ዓይናቸው በሙሉ በድንጋጤ ፈጠጠ። ከዚያ ከላይኛው ረድፍ አንድ ወፍራም ድምፅ «ጉድ! ሦስት አለች!» አለ።

ደረጃው በሳቅ ፈረሰ ልበልዎት። ሁሉም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በእኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉርድ ፎቶ የተነሱ ልጆች ናቸው፤ ሦስት የሚባለውን ከዚያ ቤት ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። አንዷ የጎረቤቷን ትከሻ ይዛ ተንበረከከች። መምህራኑ ወንበራቸውን ያዙ። ዲኗ፣ ያቺ በሁሉም ፎቶ ላይ የፍርድ ቀን የመሰለች ሴት፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ስትስቅ የመንጋጋ ጥርሷ ታየ። እኔ ዝም አልኩ? አላልኩም። ጣቴን አላነሳሁም። ካሜራው ድምፁን ሳያሰማ እየተከታተለ ሃያ አንድ ፎቶ አነሳ፤ ሜሞሪው አልተጨናነቀ፣ ሌንሱ አልጠፋበት፣ አንዱ እንኳ አልደበዘዘ። መሰላሉ ላይ ቆሜ እኔም ስስቅ ነበር። እንባዬም ይወርድ ነበር።

ዲኗ መነጽሯን አድርጋ ካሜራውን ከእጄ ወሰደች። የመጀመሪያውን ፎቶ አጉልታ ረድፍ በረድፍ፣ ፊት በፊት ሄደችበት። መጨረሻው ረድፍ ላይ ደርሳ ቀና አለች። «ሦስት መቶ ስድሳ ስምንት ዓይን» አለችኝ፤ «ሁሉም ክፍት።» በድንጋጤ እንዴት ይዘጋ! ከዚያ የሳቁን ፎቶ አየችው፣ ራሷንም አየችው። «የመጀመሪያውን ለመዝገብ» አለች በመጨረሻ። «ይኼኛውን ለግድግዳው። የድሮዎቹ ፎቶዎች በተሰቀሉበት ኮሪደር ስናልፍ ሁላችንም ለቅሶ ቤት የምንገባ ይመስለናል።» ይቅርታ ጋሼ፣ እሷ ነች ያለችው። እኔ ያደረግኩት መሳቅ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላም በየዓመቱ እንድመጣ እዚያው ባለድሮኑ ፊት ነገረችኝ። እሱም ጨዋ ልጅ ነው፣ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ፤ ጣቴን ግን እንዳያሳምመኝ ተጠነቀቀ።

አርብ ጠዋት ሆስፒታል ሄድኩ። የአናጺው ልጅ የልጆች ክፍል ነው የምትሠራው። ሥራዋን እስክትጨርስ ጠብቄ በኮሪደሩ መስኮት አጠገብ በነጭ ልብሷ አቆምኳት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የዚያኑ ዕለት አሳጥቤ ለአባቷ ወሰድኩት። አናጺው ከጆሯቸው እርሳሱን አውርደው ግድግዳው ላይ ምልክት አደረጉ፣ ምስማር መቱ፣ ሰቀሉት። ከዚያ ራቅ ብለው ቆመው «አሁን ነቃች» አሉ።

አሁን ስለ እርስዎ ቃል ልመልስ። መሣሪያ የሚቀያይር ሰው እጁን አያምንም ብለውኝ ነበር። ስለ ሌላው ሰው አላውቅም። እኔ ግን እጄን ያመንኩት መሣሪያ የቀየርኩ ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ያመንኩት የእርስዎን እጅ ነበር። እጅዎ ጥሩ ነው፤ ዳቦዬን የበላሁበት ነው። ግን የእርስዎ ነው። ይህን ስጽፍ ልቤ አይመታም ብል ሦስተኛ ውሸት ይሆንብኛል።

አሮጌው አልተሸጠም፣ አልተጣለም። አጽድቼ፣ ባትሪ ቀይሬለት፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሣጥን ልኬልዎታለሁ። የልጅ ልጆችዎን ያንሱበት። እሑድ ሲደውሉ ደግሞ ተራው የእርስዎ ነው፤ እርስዎ ያሰሙኛል፣ እኔ አዳምጬ ደረቅ ብሏል አላለም እነግርዎታለሁ። ስቴፕለር ቢያስጠጉልኝ ግን አውቃለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቅዳሜ የኮሌጁ ጸሐፊ ደወለችልኝ፤ ፎቶው በትልቁ መጠን ሊታተም ነው። «ከሥሩ የተለመደውን እንጻፍ?» አለችኝ። የተለመደው የእርስዎ ስም ነው። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ባነሳኋቸው ፎቶዎችም ላይ፣ በዚያ ዘጠኝ ሰው ዓይኑን በጨፈነበት ላይ ሳይቀር፣ ያጻፍኩት የእርስዎን ስም ነበር። አክብሮት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ጥሩ ያልሆነ እንደሆነ መደበቂያ ፈልጌ ነው።

«አይ» አልኳት። «ጻፊ።» ከዚያም የራሴን ስም ከነአባቴ፣ ፊደል በፊደል አስጻፍኳት። ስሙን መልሳ ስታነብልኝ የማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

ፈቃድዎን አልጠየቅኩም፤ አሁንም እየጠየቅኩ አይደለም። እንዲያውቁልኝ ብቻ ነው የጻፍኩት፤ ከሰው ሁሉ በፊት እርስዎ እንዲያውቁልኝ። የፎቶው ቅጂ ሣጥኑ ውስጥ ከታች በካርቶን መሐል ነው፣ እንዳይታጠፍ ቀስ ብለው ያውጡት። ፊቶቹን አይተው ሲጨርሱ ከታች በቀኝ በኩል ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ለልጅዎ ጮክ ብለው ያንብቡላት።

አክባሪዎ፣
ፎቶ አንሺዋ